የእድሩ ድንኳንና የመምህር ዘውዱ ኮንሰርት

ግንቦት ፫፣ ሰኞ፤ ጧት ፪ ሰዓት
ከኪዳን መልስ። ቁርስ፦ ቆሎ፣ ሻይ ያለ ስኳር። ባለቤቴ አስካለ ዛሬም ታንጎራጉራለች። በስፌት መኪናዋ ለተማሪዎች የመድረክ ልብስ እየሰፋች፣ የመ/ር ዘውዱን ዜማ። ደብተሬ ሆይ፣ በአርባ ዓመት ትዳራችን ከግጥሞቼ አንዱን እንኳ አላንጎራጎረችልኝም።

ዘውዱ ከቡሬ ጡረታ ወጥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣ የሂሳብ መምህር ነው። የሂሳብ! የት/ቤታችን የሙዚቃ ክፍል መሣሪያ አልቆበት ተዘግቷል። እርሱ ኮንሰርት አሳይቶ፣ በመግቢያ ክፍያው ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ሊገዛ ተነሥቷል። ያን ክፍል ያቋቋምሁት እኔ ነኝ። ማን አማከረኝ? ማንም።

ግንቦት ፭፣ ረቡዕ፤ ከቀኑ ፲ ሰዓት
ማስታወቂያው በባጃጅ ጀርባ ተለጥፎ ይዞራል። ከማንኩሳም ከቡሬም ሰው ይመጣል ይላሉ። አስቁሜ አነበብሁት። ሁለት ስሕተት አገኘሁ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርሁ። ከዚያ ሦስተኛውን ፈለግሁ።

ስሜ የለበትም።

ግንቦት ፱፣ እሑድ፤ ከቅዳሴ በኋላ
የእድር ስብሰባ። ዳኛው እኔ። ዘውዱ ቆሞ በትሕትና ጠየቀ፦ አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ኮንሰርቱ የፊታችን እሑድ በሜዳ ይሆናል፣ የግንቦት ሰማይ አይታመንም፣ ድንኳኑን ለአንድ ቀን ብታውሱን።

ደንቡን አነበብሁ። ድንኳኑ ለሐዘንና ለሠርግ ብቻ ይወጣል። አንቀጹን የጻፍሁት እኔው፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ በእኔው ኪስ። ሰው አጉረመረመ። ጥሩምባ ነፊያችን አያ ጥሩነህ ከኋላ፦ «እንግዲያስ ወይ አንዱ ይሙትልን፣ ወይ አንዱ ያግባልን!» ሳቅ በሳቅ። ዘውዱም ሳቀ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ደንብ ነው፤ እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለኝ። ምነው በተቆጣ ኖሮ!

ከሰዓት። አስካለ ሰምታለች። «ለእኔ ቀብር ቆጥበህልኝ ነው? ተወው፣ እኔን በዝናብ ቅበሩኝ» አለች። ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አታንጎራጉርም። ዝምታዋ ከዜማው ይብሳል።

ግንቦት ፲፩፣ ማክሰኞ፤ ፱ ሰዓት
ዝናብ። ልጆቹ ከልምምድ በስብሰው ሲሮጡ ከደጄ ቆሜ አያለሁ። የከበሮው ቆዳ ረጥቦ ላልቷል አሉ። እሑድ እንዲህ ከዘነበ ኮንሰርት የለም። ኮንሰርት ከሌለ መሣሪያ የለም፤ ክፍሉም ለከርሞ አይከፈትም። የእኔ ክፍል። ይህን ዐውቃለሁ። ዐውቄም ደመናውን ባየሁ ቁጥር ልቤ «ና» ይለዋል። እግዚኦ።

ግንቦት ፲፬፣ ዓርብ፤ ፲፩ ሰዓት
ለሠርክ ጸሎት ስሄድ በት/ቤቱ አጥር ሥር ቆምሁ። ይለማመዳሉ። አንዲት ልጅ ክራሬን ይዛለች፤ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁትን፣ ጡረታ ስወጣ ለት/ቤቱ የተውሁትን። አውታሩን ጨብጣ ስታነሣው ዘውዱ አስቆማት፦ «በእንጨቱ ያዥው፣ ልጄ። ይህን ክራር ያመጡት፣ ይህንንም ክፍል ያቆሙት ሰው እሑድ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ስናበላሽባቸው እንዳያዩን።»

ድንኳን ከከለከልሁት ከአምስት ቀን በኋላ። ወንበር ይዞልኛል።

ጸሎቱ ቀረብኝ፤ ወደ ቤት ተመለስሁ። ደብተሬ ሆይ፣ ደግነቱም ያስቀናል። ዜማው አይበቃውም ነበርን?

ግንቦት ፲፭፣ ቅዳሜ፤ ጧት ፲፪ ሰዓት ተኩል
አያ ጥሩነህን ከቤቱ ቀሰቀስሁት። ጥሩምባውን ንፋ፤ አባል ሁሉ ድንኳን ሊተክል ወደ ት/ቤቱ ሜዳ ይውጣ አልሁት። ደነገጠ። «ማን ሞተ፣ መምህር?» ማንም። ጥሩምባውን እያነሣ፦ «ታዲያ ማን አገባ?»

ደንቡን የጣሰው ዳኛው ነው። በሚመጣው ስብሰባ ቆሜ ቅጣቴን እቀበላለሁ፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ አስጽፋለሁ።

ቁልፉን ከኪሴ ሳወጣ አስካለ አየችኝ። የስፌት መኪናዋ ተንቀሳቀሰ፤ ዜማው ተከተለ። ያው የእርሱ ዜማ።

ነገ ከፊት ወንበር አልቀመጥም። ከምሰሶው አጠገብ ቆሜ ገመድ እይዛለሁ። ቅናቴ አልወጣልኝም። ድንኳኑ ግን ይወጣል። ጥሩምባው ተነፋ፤ ጫማዬን ላድርግ።