በቅቤ ዕቃ ያደረች ጢንዚዛ

ሐምሌ 21

ዛሬም ዝናብ። ጀልባዬን አስሬ ተመለስሁ። ክረምት ሲገባ ተሳፋሪ የለም፤ እኔና ጣና ተፋጥጠን እንውላለን።

የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ዜማ «ክንዱ፣ በየቀኑ ካልጻፍህ ይጠፋሃል» ብላኛለች። ይኸው እየጻፍሁ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ ፊደል ለየሁ፤ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ ያነበብሁትም እኔ ነኝ። ሚስቴ የብርጓል «ስንት ሰው ነበራችሁ?» አለችኝ። ምን አገባት?

ሐምሌ 23

ካሜራ አለኝ! እኔ፣ ክንዱ!

ግሽ አባይ ሰፈር ፎቶ ቤት ያለው ሙሀመድዘይን አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰጠኝ። ውለታ ነው። ባለፈው ጥር ሐይቁ ላይ ሙሽሮች ሲያነሳ ማዕበል ይዞን በሰላም አውጥቼዋለሁ። ማዕበሉ... እንዲያው ሞገድ ቢጤ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር አላየም።

ሙሽራ ላነሳበት መስሎኝ ነበር። እሱ ሌንሱን ነቀለና ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በቀለበት ገጠመው። ተበላሸ አልሁ።

«ወላሂ አልተበላሸም። እንዲህ ሲገለበጥ ለሰው አይሆንም። ለትንሽ ነገር ግን... እስቲ ያቺን ጉንዳን እያት።»

አየኋት። ጠጉር አላት! ጉንዳን ጠጉር አላት፣ እኔ መላጣ ነኝ። ይኸ ፍርድ ነው?

ሐምሌ 27

ሁሉም ብዥ። ሙሉ ቀን ብዥ። ጥርት ብላ የምትታየው ከክር የቀጠነች ቦታ ብቻ ናት። የጉንዳኗን ዓይን ሳገኝ እግሯ ይጠፋል፤ እግሯን ሳገኝ ራሷ ሄዳለች። እጄ ትንሽ ሲነቃነቅ ስዕሉ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። «ትንፋሽህን ያዝ፣ አትናገር» ይለኛል ሙሀመድዘይን። አለመናገር! እኔ!

የፍላሹ ብርሃን ደግሞ መብረቅ ነው። ነጭ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ከፊቱ አሰርሁበት። ለሰለሰ፣ የደመና ቀን መሰለ። ብልሃቱ የኔ ነው። ጀሪካኑ ግን የሚስቴ። ገና አላወቀችም...

ሐምሌ 28

አወቀች።

ነሐሴ 3

ዛሬ ብሞት አይቆጨኝም!

ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ገባሁ፣ ውኃው እስከ ጉልበቴ። አንድ የውኃ ተርብ ደንገሉ ላይ ተለጥፏል፤ ጤዛ ለብሶ፣ ብርድ አደንዝዞት። ክንፉ ካልሞቀ አይበርም። ቀረብሁ... ቀረብሁ... ትንፋሼን ዋጥሁ... ቀጭ!

ዓይኑ የማር እንጀራ ነው! ዓይን ውስጥ ዓይን፣ ዓይን ውስጥ ዓይን። ክንፉ ላይ ጠብታ፣ በየጠብታው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ፀሐይ። ወደቡ ላይ ያላሳየሁት ሰው የለም። ባለጀልባው ብሥራት «ይኸ የምን ቀፎ ነው?» አለኝ። ሳቅሁበት። በኋላ ግን... እኔስ ይኸን ሳላይ ነው ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሐይቅ ላይ የተመላለስሁት?

ነሐሴ 10

የብርጓል ስታለቅስ አገኘኋት። የደስታ ነው። ታላቅ እህቷ ፀሐይወርቅ ልትታረቃት ነው።

ነገሩን ልጻፈው። በወንድማቸው ሰርግ ፀሐይወርቅ የሠራችውን ወጥ የብርጓል ቀመሰችና በሰው ፊት «ጨው አንሶታል» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሰላምታ የለ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ የሚቀመጡት ጀርባ ለጀርባ ነው። አሁን የንስሐ አባታቸው ገሥጸው «ፍልሰታ ሲፈታ በአንድ ማዕድ ትቀመጣላችሁ፣ በየብርጓል ቤት» አሉ። እሷም ዶሮውን ከወዲሁ መርጣለች።

«ክንዱ፣ በሞቴ፣ ያን ቀን ነገር እንዳታበላሽብኝ። እሷን ዳግመኛ ካጣኋት እህት የለኝም።»

እኔ ምን አበላሻለሁ?

ነሐሴ 15

የጀልባዬ ገመድ ላይ ጢንዚዛ! አረንጓዴ ናት ስል ወርቅ፣ ወርቅ ናት ስል ቀይ። ግን አትቆምም፣ እንደ ባጃጅ ትዞራለች። ለሙሀመድዘይን ደወልሁ።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት አቆያት። ትደነዝዛለች እንጂ አትሞትም። አንስተህ ስትጨርስ ትለቃታለህ።»

ወደ ቤት ሮጥሁ። የብርጓል ገበያ ናት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ የቅቤ ዕቃ አለ፤ አንዱ ባዶ። በፆም የቅቤ ዕቃ የሚነካ ማን አለ? ከባንክ ይልቅ አስተማማኝ! ከተትኋት። ክዳኑን ገጥሜ ሳልጨርስ ስልክ... ምእመናን ለነገው የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ደሴቱ ይሻገራሉ፣ ቶሎ ና። ሄድሁ። ይህን ደሴቱ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ማደሬ ነው። ጢንዚዛዬ ቀዝቅዛ ትጠብቀኛለች።

ነሐሴ 16

ወዮልኝ።

ከደሴቱ በቀጥታ ወደ ማዕዱ መጣሁ። ጢንዚዛዋን ረስቻታለሁ፣ ጭራሽ! ፀሐይወርቅ ነጭ በነጭ ለብሳ መጥታለች። ተቃቅፈው ተላቅሰዋል። ወጡ ይንተከተካል። የብርጓል የቅቤውን ዕቃ አስቀድማ አውጥታ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣው ኖሯል። አነሳችና በሁለት እጇ ለእህቷ ሰጠች።

«እታለም፣ ቅቤውን አንቺ ጨምሪበት። ያንቺ እጅ ይሻላል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያልወጣት ቃል ነው። እኔ ያኔ የዕቃውን ክዳን አየሁት... ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ የለም። ሥራ ፈትቶ የማያውቅ አፍ!

ክዳኑ ተከፈተ። ሙቀት ያነቃት ጢንዚዛ በፀሐይወርቅ አውራ ጣት ወጥታ በነጩ እጅጌዋ ላይ መንገዷን ቀጠለች።

«ጨው አንሶታል ያልሽው አልበቃሽ ብሎ ጢንዚዛ አዘጋጀሽልኝ!»

«እታለም፣ በእናታችን! እኔ አላውቅም...»

«እናታችንን አትጥሪ!»

እኔስ? እውነቱን ልጻፍ። ጢንዚዛዋ ነጩ ጨርቅ ላይ... ብርሃኑ ከመስኮት... መጀመሪያ የፈለግሁት ካሜራዬን ነው። ከሚስማሩ ላይ አወረድሁት። የብርጓል ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየቷን አልጽፈውም።

ፀሐይወርቅ በበር ወጣች። ጢንዚዛዋ በመስኮት።

ነሐሴ 17

የብርጓል አታናግረኝም። ካሜራውን አልነካሁትም።

ነሐሴ 19

ዛሬም ዝም። «ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለእህትሽ ልንገራት?» ብላት «ተዋት» ብቻ። ምሳ ሰጠችኝ። ወጡ ላይ ጨው የለም። አንድም ቃል አልተነፈስሁ።

ነሐሴ 21

ለማስረጃ ካሜራውን ይዤ ለብቻዬ ፀሐይወርቅ ቤት ሄድሁ፣ ግሽ አባይ። ግቢው ውስጥ ቆመን ቀረን፤ ወደ ቤት ግባ አላለችኝም።

«እሷ ናት የላከችህ?»

«አታውቅም እትዬ። ጢንዚዛዋ የኔ ናት። ለፎቶ ብዬ...»

«አንተ ቀባጣሪ! ጢንዚዛ ለፎቶ ቅቤ ዕቃ ውስጥ ትገባለች? ሞኝህ ነኝ?»

ልመልስ ስል... ከትከሻዋ ኋላ፣ ጌሾዋ ላይ... ፌንጣ መሳይ፣ አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ሁለት እጇን እንደ ጸሎተኛ ያጣመረች። አንገቷን ዘወር አድርጋ አየችኝ! እንዲህ ያለ ፍጥረት አንገት ያዞራል? እግሬ በራሱ ሄደ። ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁ።

«ምን ሆንህ? ወደቅህ?»

«እትዬ፣ ስለ ማርያም፣ አይንቀሳቀሱ።»

«በገዛ ደጄ!»

ፍላሹ እምቢ አለ፣ ባትሪው አልቋል። ፀሐይ ግን ለአፍታ ወጥታለች። «እትዬ፣ ደጅ ላይ ያለውን ያን ትሪ ወደ ፀሐይ ይያዙልኝ፣ ብርሃኑ እዚህ ቅጠሉ ላይ እንዲያርፍ...» እየሰደበችኝ ያዘችልኝ! አነሳሁ፤ ብዥ። አነሳሁ፤ ብዥ። የመጣሁት ለይቅርታ መሆኑን እንኳ ረስቼ እንደገና ተጠጋሁ።

«ትንፋሽህ እኮ ነው ቅጠሉን የሚያወዛውዘው፣ እንደ በሬ! ወዲህ አምጣው።»

ትሪውን ሰጥታኝ ካሜራውን ነጠቀችኝ። ተንበረከከች። ጸጥ። ሦስት ዓመት ዝምታ የለመደች ሴት... ቀጭ!

አየነው። ዓይኗ፣ የእጇ እሾኽ፣ ሁሉም ጥርት ያለ። እኔ በአንድ ወር ያላገኘሁትን!

«ፊቷን ታብሳለች እኮ፣ እንደ ድመት...» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ያችን ጢንዚዛም እንዲህ ልታነሳት ነው ያስቀመጥሃት?»

«አዎ እትዬ።»

«የብርጓል አታውቅም ነበር?»

«ኪዳነ ምሕረትን! አታውቅም።»

ነጠላዋን ከገመዱ ሳበች።

«ምን ትገተራለህ? ባጃጅ ጥራ!»

ዘንዘልማ፣ ቤታችን ስንደርስ የብርጓል ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ተያዩ። ፀሐይወርቅ ሰላም እንኳ ሳትል ካሜራውን ዘረጋችላት።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት። እስቲ ጨው አንሶታል በዪ!»

የብርጓል እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀበለች። አየች። አሁንም አየች። እኔ እንደዚያን ጊዜ ትንፋሼን ይዤ አላውቅም።

«ትንሽ... ጨለም ብሏል» አለች።

አለቀልን! ፀሐይወርቅ አፏን ከፈተች... የወጣው ሳቅ ነው። የብርጓልም ለቀቀችው። እርጥቡ አንሶላ ላይ ተደጋግፈው ገመዱ እስኪበጠስ ሳቁ። ልብሱን ሁሉ እንደገና ያጠብሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

መስከረም 4

ሙሀመድዘይን ያችን ጸሎተኛ በትልቁ አትሞ ፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ሰቀላት። «ከሥሯ ስም ጻፍበት» ብሎ ማርከሩን ሰጠኝ። «ክንዱ» ሦስት ፊደል ነው፣ ቀላል። ካሜራው የኔ፣ ጌሾው ላይ ያየኋት እኔ... ትንሽ አሰብሁ። «ፀሐይወርቅ» ስድስት ነው። ስድስቱን ጻፍሁ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ማን ነው ያነሳው?» ሲል «ከሥሯ አንብብ» እለዋለሁ። ፊደሉን ማን እንደጻፈው ግን እነግረዋለሁ!

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሁለቱን ጭኜ ወደ ደንገሉ ወጣሁ። አንዷ ካሜራ፣ አንዷ ትሪ። «ወደ ግራ ዙር» ትላለች አንዷ፤ «ብርሃኑ በዚያ ነው እንዴ?» ትላለች ሌላዋ። መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። አንድ የውኃ ተርብ አዩና ዝም አሉ። እኔ ደግሞ «እኔ እኮ ነሐሴ ላይ ያነሳሁት ከዚህ...» ልል ስል ሁለቱም ዞሩ።

«ሞተሩን አጥፋ፣ አፍህንም!» በአንድ ድምፅ።

አጠፋሁ። ጀልባዋ በራሷ ተንሸራተተች። ከኋላ አያቸዋለሁ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዷ የሌላዋን ክንድ ደግፋ እንዳይወዛወዝ...

ተርቡ አልበረረም።