ታንጉት የለችም ያልኩት እኔ ነኝ

ብዕሩን የያዘው እጅ የቆቦው ማመልከቻ ጸሐፊ የከማሉዲን ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአራጌ ካሳው ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ፣ ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስምዬዋለሁ።

የነርሶችን እድገት ለሚወስኑት ክቡር ሹም፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በረሃብ መጠለያው ያለነው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከሞቱት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው ወር መርማሪዎ ያን ሁሉ አቧራ ችለው ከበራችን ድረስ መጥተው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ስለቆሙልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ረዳት ነርስ ታንጉት የት አለች ብለው ቢጠይቁ እኔ የለችም አልኩ፤ የድንኳን ጎረቤቴ ኡሙሰልማም አናውቃትም አለች። ታንጉት በዚያች ሰዓት ከውስጥ ተንበርክካ የዚችኑ የኡሙሰልማን ልጅ አፍ በማንኪያ ውሃ ታርስ ነበር። ለእድገት የተጠራ ነርስ መኪና ላይ ሲወጣ እንጂ ሲመለስ አላየንምና፣ ሊወስዷት ነው ብለን ዋሸን። እሳቸውም አንዲት እርምጃ ወደ ውስጥ ሳይደክሙ ከሥራዋ ጠፍታለች ብለው ጻፉ፤ ስሟም ከእድገቱ ዝርዝር ተፋቀ።

ስለዚህ በትሕትና፦

አንደኛ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚቀጡ ከሆነ እኔን ይቅጡ፤ ረሃቡ ካስተረፈልዎ።

ሁለተኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረዳት ትባላለች፤ የምትረዳውን ዋና ነርስ ግን እስከ ዛሬ በዓይናችን አላየነውም።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ያደገው ከተማ ይገባል፣ የበለጠ ያደገው ወንበር ላይ ይቀመጣል። በዚህ አያያዝ ከሁሉ የላቀው ነርሳችሁ በሽተኛ አይቶ የማያውቀው መሆን አለበት። ማዕረጉን እዚሁ፣ ከበሽተኛው ዘንድ ቢሰጧት ምን ይጎድልብዎታል?

ስሟ መፋቁን የሰማች ዕለት ማን እንደዋሸ እንኳ አልጠየቀችም፤ እንደ ወትሮዋ የእግሬን ቁስል አጠበችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስሟን መልሱላት። እሄዳለሁ ካለችም ጓዟን እስከ መኪናው እኔ እሸከማለሁ፣ መቆም ከቻልኩ።

ወንበርዎን የማይነቃነቅ ያድርግልዎ እያልኩ የምመርቅ፣ ሳይጠሩኝ የመጣሁ ምስክር፣

የጎብዬው አራጌ ካሳው፣ ጣቴን አትሜአለሁ
ቆቦ መጠለያ፣ ጥር ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መርማሪዎን ዳግም ከላኩ ወደ ውስጥ እንዲገቡ ይንገሩልን። እኛ እንዋሻለን፤ ነገር ግን ታንጉት ከቆሙበት ሃያ እርምጃ ላይ ነበረች።

በል ከማሉዲን፣ አሁን ከመጀመሪያው መልሰህ አንብብልኝ። ጮክ በል፤ ታንጉት ከድንኳኑ ወዲያ ናት፣ ትስማ።