የኒውክለሱ ኬላ

ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ከባድ ዜና ነው። የዲላ ሕዝብ በያለበት ይስማ፦ የግራ ካልሲዬ ተቀደደ። የሐዘኑ ቀን ገና አልተወሰነም።

ሌላው ተራ ወሬ ነው። አማቼ ማርቆስ፣ የልጄ ባል፣ ከገደብ ከተማ መጣ። ቡና ነጋዴ፤ ድምፁ ከአይሱዙው ይቀድማል። ልጁ መክሊት እኔ ዘንድ ሆና ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። ሐሙስ ክፍሏ ፊት ቆማ የሕዋስ ኒውክለስ ከየት እንደመጣ ታስረዳለች። ሰምቶ አብዷል። ከባክቴሪያ መጣን ልትል ነው፣ በቤተ ክርስቲያኔ ምእመናን ፊት ልታዋርደኝ ነው ይላል። ወደ አካውንቲንግ አዛውራታለሁ አለ። ያደርገዋል፤ ታላቅ ወንድሟንም እንዲሁ አዛውሮታል።

ማክሰኞ፣ ከእራት በኋላ
መክሊት አስረዳችን። ሕዋስ ድሮ ባለ አንድ ክፍል ቤት፤ ሁሉም ሥራ እዚያው። ኋላ ስስ ሽፋን ታጥፎ ዲኤንኤውን ከበበው። ታዲያ በር ያስፈልጋል። ትንንሹ ሞለኪውል እንዲሁ ያልፋል፤ ትልቁ ያለ አጃቢ ፕሮቲን አያልፍም። ማርቆስ ቆጮውን እያኘከ ኮርኒሱን ያያል።

ነካካሁት። ቡና የጫነ መኪናህ ያለ መሸኛ ወረቀት ኬላ ያልፋል? አያልፍም። በፌስታል የያዝኳት አንድ ኪሎ ቡናስ? ማን ያይዎታል አባባ! ይኸው፣ ልጅህም የምትለው ይህንኑ ነው አልኩት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ከዚያ ሰይጣን ጥሩ ጥያቄ አቀበለው። «ኬላ ሳይኖር መሸኛ ለምን ይጻፋል? መሸኛ ሳይኖርስ ኬላው ምን ሊፈትሽ? ሐሙስ መጥቼ በሰው ፊት እጠይቅሻለሁ። ካልመለስሽ አካውንቲንግ!»

መክሊት ጥያቄውን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የጥያቄው ማማር አናደደኝ።

ረቡዕ
መክሊት አኩርፋኛለች። ኬላውን ያመጣኸው አንተ ነህ አለች። እውነቷን ነው። በሯን ዘግታ ታነባለች። ማርቆስ ሳሎን ያንኮራፋል። ትራሱን ልንጠቀው? ነጠቅኩት።

ሐሙስ፣ ከሰዓት
ማርቆስ ክፍሏ መጣ። ፊት ወንበር ላይ። ጠየቃት። በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም አለች። ግምቱ ግን፣ መጀመሪያ ሽፋኑ ገና ክፍት ነበር። አጃቢዎቹም ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር እነሱም ማሳለፉን ለመዱት፤ በርና አጃቢ አብረው አደጉ።

«አባዬ፣ አንተስ ቡና መጫን የጀመርከው ኬላው ሳይተከል አይደል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማርቆስ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ሐሙስ፣ ማታ
ማስታወሻዬ፣ አጨበጨበ ያልኩህ ፈጠራዬ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ እንደ ጉቶ ነው የተቀመጠው። ሳይሰናበተን ወደ ገደብ ነዳ። አካውንቲንግ የምትለዋን ቃል ግን አልተነፈሳትም። ይቺን አልፈጠርኳትም።