ዘጠኝ ሺህ ዙር

ጋብሮቮ፣ ሐሙስ ጠዋት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሰባት ዓመት ሙሉ «እንደምን ነህ» ሳልልህ ቆይቼ ዛሬ የሁሉንም በአንድ ጊዜ ልጠይቅህ ነውና አትሳቅብኝ። ጉልበትህ ደረጃ ያስወጣሃል? ግራ ጆሮህስ? ባለቤትህ ለፋሲካ በላከችልኝ ካርድ ላይ «ቴሌቪዥኑን ሰፈር እስኪሰማ ድረስ ነው የሚከፍተው» ብላ ጽፋልኝ ነበር። የቡርጋስ የባሕር እርጥበት ለአጥንትህም ለጊታርህም አይበጅም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ፤ አንተ ግን መቼ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዓይኔ ያለ መነጽር ቀጭን ሽቦ አላይ ብሏል እንጂ እጄ አሁንም አይንቀጠቀጥም። ሰፈሩ ሁሉ በየበረንዳው ለክረምት የሚቀመጠውን ቀይ ቃሪያ እየጠበሰ ስለሆነ ወረቀቱ ጭስ ጭስ ቢልህ አትደንግጥ፤ ቤት አልተቃጠለም።

መጀመሪያ የሚያስጨንቅህን ላቅልልህ። ጊታርህ ደህና ነው። አልተሰበረም፣ አልጠፋም፣ ለቅዳሜም ይደርሳል። አሁን አረፍ ብለህ ቀሪውን አንብብ፤ ረጅም ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሹፌሩ ላልዮ ከአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ጎትቶ አወጣና «እንኪ፣ ወንድምሽ የላከው ሬሳ ነው» አለኝ። «ምን ትላለህ አንተ!» ብዬ ስጮህበት፣ «ሬሳ እንኳ እንዲህ አይታቀፍም፤ ‹ቀስ በል፣ ቀስ በል› እያለ ከመነኸሪያው በር እስከ መኪናው ድረስ አስር ጊዜ ነዘነዘኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤት ገብቼ ስፈታው ጊታርህ ነው። ከሥሩ ካርቶን፣ በካርቶኑ ውስጥ ሁለት አዳዲስ ድምፅ ለቃሚዎች፣ ከነሱ ላይ ደግሞ ወረቀት። «አሮጌዎቹን አውጪ፣ እነዚህን ግጠሚ። ቅዳሜ መድረክ አለኝ።» በቃ! ጤና ይስጥልኝ የለ፣ እህቴ የለ። በቆጣቢነቱ የሚቀለድበት የጋብሮቮ ልጅ ቀለምም ይቆጥባል ብዬ ልስቅ ሞከርኩ፤ ሳቁ ግን አልመጣልኝም።

በዚህ መሀል ጎረቤቴ ፔና በሳህን ቃሪያ ይዛ ከተፍ አለች። ታውቃታለህ፣ ቃሪያው ምክንያት ነው፤ የመጣችው ላልዮ ምን እንዳመጣ ልታይ ነው። «ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» አለችኝ። ድምፅ ለቃሚ ነው አልኳት። ከክሮቹ ሥር ይቀመጣል፣ ማግኔት ነው፣ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ ክሩ ሲርገበገብ እሱ ይለቅምና በገመድ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልከዋል፤ ያለሱ ይሄ ጊታር ሳንቃ ነው ብዬ አስረዳኋት። «አሮጌዎቹን ማን ሠራቸው ታዲያ?» አለች። እኔ፣ አልኳት። «እና አሁን አውጪያቸው ነው የሚልሽ?» አዎ፣ አልኳት። ፔና ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ውይ በሞትኩት! አባረረሽ በይኛ!» አለች።

እውነቷን ነበር። እኔም የተሰማኝ ያ ነው። ከቤትህ ሰባት ዓመት ቀርቻለሁ፤ በጊታርህ ውስጥ ግን አለሁ እያልኩ እጽናና ነበር። አሁን ከዚያም ውጪ ተባልኩ ብዬ አለቀስኩ። እንዳላለቀስኩ ሆኜ ልጽፍልህ ነበር፤ ተውኩት።

ያስለቀሰኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ፈርቼም ነበር። አሮጌዎቹ ከወጡ በኋላ አንተ ወይም አንዱ የቡርጋስ ባለሙያ በመለኪያ ይነካቸዋል፤ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የደበቅሁት ጉድ ይፈላል። እስቲ ከአፌ ስማው።

ያን ጥር ታስታውሰዋለህ፣ በረዶው የፋብሪካውን በር የዘጋበትን። እኔ የሞተር ጥምጠማ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንተ ያን እንደ ቆርቆሮ የሚንጫጫ ጊታርህን ይዘህ «አንቺ ሽቦ ስትጠመጥሚ ትውያለሽ፤ ለኔስ ብትጠመጥሚልኝ?» አልከኝ። አለቃችን ማስተር ኮልዮ በምሳ ሰዓት በማሽኑ እንድጠቀም ፈቀደልኝ፤ አንድ የተጀመረ ጥቅል ሽቦም ሰጠኝ። የኋላውን ለቃሚ ዘጠኝ ሺህ ዙር አድርጌ ጨረስኩ። ለፊተኛው ስነሳ የቀረውን ጥቅል በእጄ መዘን መዘን አደረግሁና «ይበቃል» አልኩ። መደርደሪያው ላይ ያልተነካ አዲስ ጥቅል ነበር። ኮልዮም ክፈቺው ብሎኛል። ግን ለሁለት ስንዝር ጉዳይ አዲስ ጥቅል ይከፈታል? ሙቀት እንዳይወጣ በሩን ቶሎ ለመዝጋት የድመት ጭራ ይቆርጣሉ እየተባለ የሚቀለድብን ሰዎች ልጅ አይደለሁ እንዴ! ቆጣሪው ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ጥቅሉ ራቁቱን ቀረ።

ልቀጥለው እችል ነበር፤ ግን ቅጥያ ቦታው ላይ ይበጠሳል ብለው ነው ያስተማሩን። አፍርሼ እንዳልጀምር የምሳ ሰዓቱ አልቋል። አንተ ደግሞ ከበሩ ውጪ በረዶውን እየረገጥክ ትጠብቀኛለህ። በጨርቅ ፕላስተር ሸፈንኩት፣ ሰም ውስጥ ነከርኩት፣ ይዤ ወጣሁና «ዘጠኝ ሺህ። ሁለቱም» አልኩህ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ውሸቴም የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ እንዲህ ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ የሆነውን አንተ ታውቃለህ። የፊተኛው ያን ጥርት ያለ፣ እንባ እንባ የሚለውን ድምፅ አወጣ። በባህል አዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ተጠጋ። አንተም ማይኩን ይዘህ «እህቴ ናት የሠራችው! ዘጠኝ ሺህ ዙር፣ አንዲት አልጎደለችም!» አልክ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ቃል ሳትናገር ከመድረክ ወርደህ አታውቅም። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ሰው ከየአገሩ መጥቶ «የወንድምሽን ዓይነት ሥሪልኝ» ይለኛል። ቁጭ ብዬ አንድም ሳላጎድል ዘጠኝ ሺህ እጠመጥምለታለሁ፤ ሄዶ ይሞክርና ተመልሶ «ምስጢሩን ደበቅሽኝ» ብሎ ያኮርፈኛል። ምስጢሩ ቆጥቋጣነቴ ነው ብዬ ለማን ልንገር?

ለዚህ ነው ከሰባት ዓመት በፊት በእማማ አርባ ማዕድ ላይ እጅህን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገህ «ዘጠኝ ሺህ ዙር…» ስትል ያበድኩት። ያሾፍክብኝ መሰለኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ አይደል የሚባለው? ዘመድ በሞላበት ተነስቼ «ያለ እኔ ዘጠኝ ሺህ ዙር አንተ ማን ነበርክ? ማን ይሰማህ ነበር?» አልኩህ። ካፖርትህን አንስተህ ባርኔጣህን ረስተህ ወጣህ። ባርኔጣው እስካሁን መስቀያው ላይ ነው።

ወደ ትናንትናው ልመለስ። ትናንት ጠዋት አንድ ነገር ቆርጬ ነው የተነሳሁት። እንግዲህ ከተባረርኩ አይቀር ንጹሕ ሆኜ ልውጣ አልኩ። ፊተኛውን አወጣለሁ፣ ሽፋኑን እፈታለሁ፣ ምንም ቢሆን ብዬ የጎደለውን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዙር ቀጥዬ እሞላዋለሁ፣ ሰም እነክረውና በአዲሶቹ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ እልክልሃለሁ። ማንም ቢለካው ዘጠኝ ሺህ! ከመቃብሬ በፊት ውሸቴን እውነት አድርጌው ላርፍ። ሽቦውን አዘጋጀሁ፣ የመበየጃውን ካውያ አጋልሁ፣ ክሮቹን ፈታሁ፣ የፊት ሽፋኑን ስምንት ብሎኖች አንድ በአንድ አውጥቼ በሳህን አኖርኩ።

ሽፋኑን ሳነሳ ከፊተኛው ለቃሚ ሥር፣ በእንጨቱ ጉድጓድ ውስጥ የሰም ጠብታ አየሁ። የኔ ሰም አይደለም፤ እኔ እንጨት ላይ ሰም አላፈሰስኩም። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ሰሙ ሲነሳ ከሥሩ ወርቅ የለም፣ እርሳስ ነው፤ የአንተ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ያ ቀኝና ግራው የማይታወቅ የዶሮ ጭረትህ።

«ለካሁት። ስድስት ሺህ ቢሆን ነው። ሽቦ አልቆባት አፍራ ነው ያልነገረችኝ። እንዲህ ይሻላል። ማንም እንዳይነካው። የጊዮርጊስ ዕለት፣ 1987»

ከጥር እስከ ግንቦቱ ጊዮርጊስ፣ አራት ወር! ከሠራሁልህ በአራተኛው ወር አውቀሃል! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በየመድረኩ «አንዲት አልጎደለችም» ስትል እያወቅህ ነው! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ። ፔና እጄን በካውያ ያቃጠልኩ መስሏት በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች።

ቆይቶ ነው ሌላው የገባኝ። በእማማ አርባ ላይ «ያለ እኔ ዘጠኝ ሺህ ዙር» ብዬ ስጮህብህ አንተ አንዲት ቃል ነበረችህ። «ስድስት» ብትል ኖሮ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት መሬት ተከፍታ ትውጠኝ ነበር። አላልክም። ካፖርትህን ይዘህ ወጣህ። ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ለዚያ ቀንም፣ ከዚያ ወዲህ ላኮረፍኩባቸው ሰባት ዓመታትም ይቅር በለኝ።

አዲሶቹን ለቃሚዎችህንም አየኋቸው። ውድ ናቸው፣ ቆንጆ ናቸው፣ ስፋታቸው ደግሞ የአሮጌዎቹ እጥፍ ነው። እንጨቱ በመሮ ካልተፈለፈለ በቀር በዚያ ጊታር ውስጥ አይገቡም፤ ይሄን ደግሞ ዕቃውን በሩቁ ያየ ሁሉ ያውቃል። ፔና «ወንድምሽ አርጅቷል፣ ተሳስቶ ነው የገዛው» አለችኝ። እውነትሽን ነው፣ አርጅቷል፣ አልኳት። አንተ ግን አልተሳሳትክም፤ ሽፋኑን እንድከፍት ነው የላክሃቸው።

ስለዚህ ትእዛዝህን አልፈጸምኩም። አሮጌዎቹን እንዳሉ መልሼ ገጠምኳቸው። ወደ ገመዱ የሚሄደው ሽቦ ተሰነጣጥቆ ነበርና እሱን ቀየርኩት፤ የሚንኮሻኮሸውን የድምፅ መቆጣጠሪያ አጠብኩት፤ አዲስ ክር አሰርኩለት። ከዚያ በአባባ አሮጌ ማጉያ ሰክቼ ያቺን የማውቃትን አንዲት ዜማ፣ በሦስት ጣት፣ እንደ ድሮው እየተሳሳትኩ መታሁ። ፊተኛው አለቀሰ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፣ ያን ድምፅ አንገቴን ሳልደፋ ስሰማው። እኔ የሠራሁት ነው እኮ! ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ዙር፣ ያምራል።

አዲሶቹን አልመልስልህም፤ በጋብሮቮ የገባ ዕቃ አይወጣም። ከፈለግሃቸው መጥተህ ውሰድ፤ ባርኔጣህም እዚሁ ነው።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ላልዮ ያደርስልሃል፣ እስከ ቅዳሜ እንዳትጨነቅ። ጊታሩን ግን ለሱ አልሰጥም። «ሁለት መቀመጫ ያዝልኝ፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለጊታሩ» ስለው «የጋብሮቮ ሴት ለሁለት መቀመጫ ስትከፍል አይቼ አላውቅም፤ አሞሻል?» አለኝ። ድኛለሁ፣ አልኩት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መነኸሪያ ጠብቀኝ። መድረክ ላይ ያቺን የለመድካትን ነገር ስትል እኔም ከፊት ወንበር ላይ እሆናለሁ፤ ቁጥሯን እንዳትለውጣት፣ አደራህን።

አንድ ነገር ረሳሁ። ሽፋኑን ከመዝጋቴ በፊት በአንተ ጽሑፍ ሥር እኔም በእርሳስ አንዲት መስመር ጨምሬበታለሁ፤ ሰምም አንጠባጥቤበታለሁ። ምን እንደጻፍኩ ለማወቅ ስምንት ብሎን መፍታት አለብህ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ግን አትፍጅ።

ባለቤትህን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ጣቶችህን ከቁርጥማት፣ የቀረውን ጆሮህን ከመደንቆር ይጠብቅልህ፤ ባሕሩም ለመድረክህ ነፋሱን ያብርድልህ።

ሽቦ ያለቀባት እህትህ