ከጠረጴዛዎ ሥር ባለው ኮምፒውተር ስለተፈተነው ኮዴ

ለተከበሩ አቶ መኳንንት፣ አርሊንግተን ለሚገኘው ድርጅታችን የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎም እንደ ቢሯችን ኤርኮንዲሽነር ሳይቆራረጥ ይሰንብትልዎ። ከተመረቅሁ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ገና የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለኢሜይሎቼ የሰጡኝ ዝምታ እጅግ የተከበረ ስለሆነ እሱን ላለመረበሽ ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ላስረዳ። ግራንድ ፕሬሪ ባለው መጋዘን ካሜራችን የእያንዳንዱን ካርቶን ፎቶ ያነሣል፤ ፕሮግራማችን ፎቶውን ከአንዱ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላው ይገለብጣል፤ ካርቶኖቹን የሚያጓጉዘው ኮንቬየርም የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። የሚገለብጠውን ኮድ እርስዎ በወጣትነትዎ፣ ለዚያን ጊዜው ፕሮሰሰር፣ በእጅዎ ጽፈውታል። ድንቅ ሥራ ነበር፤ ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ዛሬ ግን መጋዘኑ አዳዲስ ማሽኖች ቢያስገባም ኮዱ ፎቶውን አሁንም በጥቂት በጥቂቱ፣ በማንኪያ ይቀዳል፤ አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ባልዲ ይዘው ቆመው ያዩታል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በአክብሮት ላቅርብ።

፩. የጻፍኩት ማሻሻያ ፕሮግራሙ ሲነሣ ፕሮሰሰሩን ምን እንደሚችል ይጠይቀዋል። አዲስ ከሆነ ባልዲውን፣ አሮጌ ከሆነ የእርስዎኑ ማንኪያ ይሰጠዋል፤ አሮጌው ፕሮሰሰር ባልዲ ቢሰጡት ትእዛዙን ስለማያውቀው ፕሮግራሙ ቀጥ ይላልና።

፪. ይህን ለመፈተን እርስዎ የመረጡት፣ ድርጅቱ ሲከፈት የተገዛውንና በብርድ ወራት ከጠረጴዛዎ ሥር እግርዎን የሚያሞቅልዎትን ኮምፒውተር ነው። ከዚያም «ሶ፣ ቴስት አድርጌዋለሁ፤ ምንም ዲፈረንስ የለውም፣ ልጄ» ብለው ሪጀክት አደረጉት። ጌታዬ፣ በዚያ አሮጌ ማሽን ላይ ልዩነት እንዳይኖረው ስንት ደክሜያለሁ። ኮዴ ያለፈውን ፈተና እንደወደቀ አድርገው ስለመዘገቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. ይህኛው ቅሬታ የእኔ አይደለም። ካሜራው አጠገብ የሚሠሩት እትዬ አረጋሽ፣ ፎቶው እስኪገለበጥ ኮንቬየሩ በቆመ ቁጥር ዘገምተኛ ተብለው ራይት አፕ ተደርገዋል፤ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተጨመረባቸው ይሰናበታሉ። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሳደርሳቸው «ማለቴ፣ እኔ ቆሜ እየጠበቅኩት፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ?» አሉኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ጥያቄውን እነሆ አስተላልፌያለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ ሰኞ ጠዋት ግራንድ ፕሬሪ ድረስ ብቅ ብለው ኮዱን በመጋዘኑ ማሽን ላይ እንዲያስነሡት ነው። ባቡር የለም እንዳይሉኝ፣ እኔው እነዳለሁ። እትዬ አረጋሽ አጠገብ ቆመው ኮንቬየሩን ይመልከቱ፤ ካልፈጠነ የሙከራ ጊዜዬን እዚያው ይጨርሱልኝ፣ ለእትዬ አረጋሽም የምለውን እኔው አስባለሁ።

ማንኪያዎን ለሚገባው ፕሮሰሰር በክብር ያቆየችልዎ፣ እንደ ውሳኔዎ የወደፊት ባልደረባዎ ወይም የቀድሞ ሠራተኛዎ፣

ሁመይራ ሲራጁዲን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አንብበው ምንም ለውጥ ካልተሰማዎት፣ ሪጀክት ከማድረግዎ በፊት በምን ላይ እንደተፈተነ እንዲያጣሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።