ደህና ናት ብዬ የሞላሁላት

ጥር 6

ደግሞ ሥልጠና መጣ። በስልክ። «የጭንቀት አያያዝ ለጤና ባለሙያዎች» ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ያልጨረሰ እድገት የለውም... ጭንቀታችንን ሊቀንሱልን አስፈራሩን እኮ!

አልጋ ጠፍቶ ሕፃናቱን ሁለት ሁለት አስተኝተናል። የምታሠለጥነን ሴትዮ ስልኩ ውስጥ ሆና «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ» ትላለች። ልጆቹን ማን ሊያይልኝ?

ጥር 9

እንደ ልማዳችን ሆነ። እኛ ክፍል ሥልጠና ሲመጣ እጁ ፈታ ያለለት ሰው የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ ይጨርሳል። ያስለመደችን ትልቋ ሲስተር ናት፤ ጡረታዋ የደረሰ፣ ዶክተሮቹ ሳይቀሩ የሚፈሯት። ዛሬ ተራው የእኔ። ምሳዬ እንደቀረ ቀረ።

መጨረሻው ላይ መጠይቅ አለ። እንቅልፍ ይወስድሻል? ሥራ ላይ እጅሽ ይንቀጠቀጣል? «አልፎ አልፎ» ካልሽ ሌላ ትምህርት ይከፍትብሻል፤ ረጅም። ስለዚህ ለሁላችንም ደህና፣ ደህና፣ ደህና። የጉልቤንም እንደዚያው። ጉልቤ የምንላት ጓደኛዬን ነው፤ ከነበሽተኛው አልጋ ብቻዋን ስለምትገፋ። «ተባረኪ፣ ገላገልሽኝ» ብላ ስልኳን ተቀበለችኝ።

ጥር 17

ጉልቤ የሕፃን ደም ሥር አጣች። እሷ! ጨለማ ውስጥ የምታገኘው። ደጋግማ ወጋችው... እናትየው «ተዪው በቃ!» ብላ ጮኸች። መርፌውን ተቀብዬ ጨረስኩ።

ኋላ እቃ ክፍል አገኘኋት። ጓንቷን ማውለቅ አቅቷታል። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«ያ መንታው ሕፃን እጄ ላይ ከሞተብኝ ጀምሮ ነው» አለች።

ያ እኮ ክረምት ላይ ነው! አጠገቧ እየዋልኩ... እንዴት አላየሁም?

ወደ ተመላላሽ ክፍል እንዲያዛውሯት ልታመለክት ነው። «እዚህ ከቆየሁ የሰው ልጅ እገድላለሁ» አለች። ቀልዷን አልነበረም።

ጥር 24

የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ጋ አብሬያት ገባሁ። ማትሮኗ ኮምፒውተሩን አዞረችልን።

«ሲስተር፣ ሥልጠናውን ወስደሻል። እንቅልፍ ጥሩ። እጅ መንቀጥቀጥ የለም። ራስሽ የሞላሽው ነው። ታዲያ በምን ምክንያት ላዛውርሽ?»

ጉልቤ ዞር ብላ አየችኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«እኔ ነኝ የሞላሁላት» አልኩ።

ማትሮኗ ተነስታ በሩን ዘጋች። «አልሰማሁሽም። ይሄ ከወጣ ክፍሉ በሙሉ ይጠየቃል። ደግሞ ከሁሉም ክፍል አንደኛ ወጥታችኋል፤ የምስጋና ወረቀት ይመጣላችኋል።»

አፈር ይብላ ምስጋናው።

ጥር 25

ትልቋን ሲስተር «አብረን ገብተን እውነቱን እንናገር» አልኳት። «አርፈሽ ቁጭ በይ። ለጡረታዬ ጥቂት ሲቀረኝ ጣጣ አታምጪብኝ።» ሌሎቹም ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ... ሰው ግን ይነቅዛል።

የካቲት 3

ጉልቤ ሥራ ለቀቀች። በቃ።

የካቲት 8

ቤቷ ሄድኩ። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁለታችንም እንዳላየ ሆንን።

«በእኔ ጦስ ነው» አልኳት።

«መሙላትሽ አይደለም የቆጨኝ። ስልኬን ራሴ ነኝ የሰጠሁሽ» አለች። «ግን ያን ሁሉ ጥያቄ ስትሞዪ... አንዱን እንኳ ቀና ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እኮ እዚያው ነበርኩ።»

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ሰኔ 2

ሁለተኛው ዙር መጣ። የምስጋናው ወረቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የጉልቤም ስም አለበት።

ትልቋ ሲስተር ስልኳን አቀበለችኝ። «እንደተለመደው ጨርሽልኝ።»

«አይሆንም፣ እትዬ። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ።»

«ይቺ ልጅ ለየላት!» ብላ ሳቀች።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«ምን እንቅልፍ አለ!» አሁንም እየሳቀች።

«ሥራ ላይ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

ቀና ብዬ አየኋት። ሁለት እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከታለች።

«እትዬ?»

ቀስ ብላ አወጣቻቸው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሁልጊዜ» አለች። «ሁልጊዜ ብለሽ ሙዪ።»

ሞላሁ። ረጅሙ ትምህርት ተከፈተብን። ሴትዮዋ «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች። ሁለታችንም አልጨፈንንም።