ውሃ አምጥተዋል፣ ሬሳ አይሸከሙም

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1989
ምዝገባው አይገባቸውም አልኩት። ከአርባ ምንጭ፣ ከዞኑ ቢሮ የመጣው ወጣት ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ አልኩት። እነዚህ አዲሶቹ ጸሎተኞች በጎ አድራጎት ድርጅት ሆነው መመዝገብ ፈልገዋል። ከተመዘገቡ ቧንቧና ሲሚንቶ ያለ ቀረጥ ያስገባሉ፤ እነሱ ስበውልን እኛ ያገኘነውን ውሃ የታችኛው መንደርም ያገኛል። ሽማግሌዎች ሐሙስ መልስ ስጡ ተባልን።
ውሃውን እኔም እጠጣለሁ፣ አልካድኩም። ግን ከእነሱ ጋር ያልጸለየ ሰው ሲሞት ለቅሶ አይገቡም። ያረክሰናል ይላሉ። የጎረቤቱን ሬሳ የማይሸከም ምን በጎ አድራጊ ነው? መምህር፣ የምነግርህን ስትጽፍልኝ ቃሌን እንዳታለሰልስ።

ማክሰኞ
ልጄ ዘነበች መጣች። እሷም ከእነሱ ናት። አምና እናቷ በተቀበረች ዕለት ከግቢያችን አጥር ውጭ ቆማ ነበር። አየኋት፣ አየችኝ፣ አልገባችም። ዛሬ ጉዳይ ስላላት ገባች።
«አባባ፣ በእኔ ተናደህ የሰው መንደር ውሃ አትከልክል» አለችኝ።
«እናትሽስ?» አልኳት። ወደ ውሃው ጉዳይ መለሰችኝ። ሂጂ አልኳት።

ረቡዕ
ከሽማግሌዎቹ ጋር አልተስማማንም። አንዱ፣ ደርግ ጸሎት ቤት ዘጋ ብለን እንዳላማን አሁን እኛ ልንዘጋ ነው ወይ ይለኛል። ማን ዝጉ አለ? ይጸልዩ። ሲነጋጋ ይጩኹ። ጸሎት ሌላ፤ መንግሥት ይሄ ለሁሉም የቆመ ነው ብሎ ማኅተም ሲመታለት ሌላ። የሚሰማኝ የለም።
ስመለስ አንዲት የታችኛው መንደር ነፍሰ ጡር እንስራዋን አዝላ ዳገቱ ላይ ደክሟት ተቀምጣለች። ይሄም አናደደኝ። ዘነበች ልክ ስትሆን ደስ አይለኝም።

ሐሙስ
ዱቡሻ ላይ፣ መንደሩ የሚመክርበት ሜዳ፣ ተቀመጥን። የቢሮው ወጣት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም፣ አንዱን በሉ አለ። ተነሣሁ።
«ውሃ አምጥተዋል፣ ሬሳ አይሸከሙም። ሁለቱንም ጻፍ» አልኩት።
አንዱን ይምረጡ አባቴ አለኝ። አልመርጥም። እያጉረመረመ ሁለቱንም ጻፈ። አለቆቹ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ቅዳሜ
ሸማኔው ጎረቤታችን አረፈ። ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ዘነበች መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች። አልገባችም። ለለቀስተኛው ብላ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ግን በአጥሩ በኩል አቀበለች። ሌላ ሰው ሳይነሣ እኔ ሄጄ ተቀበልኳት።
እዚያው ቆሜ ጠጣሁ። ውሃው ጥሩ ነው። እሷ ግን አሁንም ውጭ ናት።